ያለ ማስክ የማይገባባት አውቶቡስ

ውሸት ቢኖርበት ምላሴ ይቆረጥ፤ ማስክ ግዴታ ከሆነ ወዲህ ያቺን አውቶቡስ ፊቱን ያልሸፈነ ዝንብ እንኳ አልተሳፈረባትም። ትኬት ቆራጩ ይህንኑ ከጤና ጣቢያ ለመጣችው ነርስ ለሦስተኛ ጊዜ እያስረዳት ነው። ነርሷ መዝገቧን ጭኗ ላይ ዘርግታ የሰውየው ቤት ብቸኛ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ወደዚህ ያመጣት የአውቶቡሷ ሾፌር በኮሮና መታመም ነው፤ ሰውየው ትናንት ሆስፒታል ገብቶ አሁን የሚተነፍሰው በኦክስጅን ነው።

"በቀን ስንት ሰው ይጭናሉ ጋሼ?"

"ሺህ በይው። ሁለት ሺህ ብትይም አልጣላሽም።"

"ሁሉም ማስክ አድርጎ?"

"በሩ ላይ እንደ ግንብ ነው የምገተረው ልጄ። ሦስት ቦክሰኞች ያለ ማስክ ካልገባን ብለው በአንድ እጄ ነው የመለስኳቸው።"

"ቅድም አንድ ቦክሰኛ ነበር ያሉኝ።"

"ሁለቱ ኋላ ደረሱ።"

ነርሷ አልሳቀችም። "ሁሉም አድርጎ ከሆነ የሾፌሩን ቤተሰብ መርምሬ ጉዳዩን እዘጋዋለሁ። ካልሆነ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ መፈለግ አለብኝ። ሰው እንዳይሞትብን ነው።"

ትኬት ቆራጩ ደንቡን ያላስከበረ በዚያው ቀን እንደሚባረር ያውቃል፤ በዚህ ዕድሜው ደግሞ ማን ይቀጥረዋል?

"አድርገዋል" አለ። ተራራ የሚያክለው ድምፁ የት እንደገባ እንጃ።

"አዎ፣ አድርገዋል" አለች ሚስቱ አልጋው ላይ ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል። "አንዱን ነው ሁሉም ያደረጉት። ማስክ ያልያዘ ሲሳፈር ከኪሱ አውጥቶ ያውሰዋል፤ ሲወርድ ተቀብሎ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ የማጥበው እኔ ነኝ።"

የነርሷ እስክሪብቶ ቆመ። "ሾፌሩስ?"

"ሰኞ የሱ ተበጠሰበት" አለ ትኬት ቆራጩ። "ተቆጣጣሪ ፊት ለፊት እየመጣ ነበር... እና ያንኑ ሰጠሁት። ለተሳፋሪዎቹም አዝኜላቸው እኮ ነው። በዝናብ ከበር ልመልሳቸው?"

ሚስቱ ያጣጠፈችውን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

ነርሷ መዝገቧን አጥፋ ወደ በሩ ተመለከተች፤ የአውቶቡሷ መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዳ ስለ ተሳፋሪዎቹ ልትጠይቅ እንደሆነ ገባው። እዚያ ግን የሚነግራት ማንም እንደሌለም ገባው። ተሳፋሪዎቹን በመልካቸውና በሚወርዱበት ፌርማታ የሚያውቃቸው እሱ ብቻ ነው።

ከአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

"ጻፊ" አላት። "ማስኩን ያዋስኳት አንዲት እርጉዝ አለች፤ እሷን አስቀድሚያት። ገበያው ጋ ነው የምትወርደው።"