አምስተኛው ቀለም

እናታቸው ስትታመም ማን አስታመመ፣ ማን ሸሸ በሚለው ከተቀያየሙ ወዲህ ኢንጂነሯና ታላቅ ወንድሟ ዓይንና ናጫ ናቸው። ክፋቱ ሥራቸው የተያያዘ ነው። እሷ የግድቡን ጥንካሬ ታሰላለች፤ እሱ ከከተማው ማዶ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ስሌቱ የሚሠራባቸውን ኮምፒውተሮች ይጠብቃል። ስልኩን ስለዘጋችበት የሚነጋገሩት በጸሐፊዋ አፍ ነው። ጸሐፊዋም የሁለቱን ስድብ እየለቀመች ትጥልና ቁም ነገሩን ብቻ ታደርሳለች። ደግ የሠራች መስሏት ነው።

የግድቡ ስሌት በአንድ ኮምፒውተር የሚቻል አይደለም። ስምንት ሆነው ይካፈሉታል፤ እያንዳንዱ የድርሻውን ይሥልና ሥዕሉ ተገጣጥሞ እሷ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ይህንኑ አይቶ ግድቡ እስከ አፉ ይሞላ እንደሆነ ይወስናል። የወንድሟ ቤት ከግድቡ ሥር ነው፤ ልጆቹም እዚያው ናቸው።

ሥዕሉ ከውጭ እንከን አልነበረውም። ውስጡንም ለኮሚቴው ላሳይ ብላ ስክሪኑ ላይ ግድቡን እንደ ዳቦ ብትቆርጠው መሃሉ ባዶ ሆኖ ቁጭ አለ። ደሟ ፈላ። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ሆን ብሎ ነው አለች። እጇ ግን ሥራውን አልረሳም፤ የእያንዳንዱን ኮምፒውተር ድርሻ በየራሱ ቀለም አስቀባችው። ስምንት ቀለም መምጣት ሲገባው ሰባት መጣ። የአምስተኛው የለም።

የዘጋችበትን ስልክ ከፍታ ራሷ ደወለች። ሰላምታ የሚባል ነገር አልነበረም።

«አምስተኛውን ያጠፋኸው አንተ ነህ?»

«አልጠፋም። ፋይሉ ያለበትን ማከማቻ ማየት አቅቶት ድርሻውን ባዶ ነው የሚልከው። ሥራሽን አቋርጬ፣ አጥፍቼ ላስነሳው ብዬ ፈቃድሽን ስጠብቅ ከረምኩ። መልስ ነፍገሽኝ አሁን ትጮሂብኛለሽ?»

ማንም አልነገረኝም ብላ ልትምል ስትል በሩ ላይ የቆመችውን ጸሐፊ አየቻት። ጸሐፊዋ መሬት መሬቱን እያየች፣ ፈቃድ የጠየቀ ዕለት ስድቡን ሲያዥጎደጉድ ጥያቄውን መሃሉ ላይ ወሽቆት እንደነበር ተናገረች። «ድንጋዩን ስለቅም እህሉም አብሮ ወጣ» አለች።

«አስነሳው» አለችው ወንድሟን። አስነሳው፤ ደህና ዋይ እንኳ ሳይል ዘጋው።

ሥዕሉ ሲገጣጠም እንደገና ቆረጠችው። ባዶው ቦታ ሞልቷል። ከመሠረቱ ተነስቶ እስከ ወገቡ የሚወጣ ቀይ ስንጥቅ አለበት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ውጩን ብቻ አይታ «ደህና ነው» ስላለች በእሷ ቃል ግማሹን ሞልተውታል፤ ስንጥቁም የሚከፈተው ውሃው ዛሬ የደረሰበት ከፍታ ላይ ነው።

ለወንድሟ ደወለች። አያነሳም። ደገመች፤ አሁን ደግሞ እሱ ዘግቶባታል። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ምን ይደረግ።

«ልጆቹን ይዞ አሁኑኑ ከዚያ ሰፈር ይውጣ በይው» አለቻት ጸሐፊዋን። «አንድ ቃል እንዳትቀንሺ።»

ጸሐፊዋ ደውላ ነገረችው። ከዚያ ብዙ ሰማች። ስልኩን አስቀምጣ «እሺ ብሏል» አለች።

ኢንጂነሯ የጸሐፊዋን ፊት አተኩራ አየችው። እሺ ያለው እሱ ይሁን ጸሐፊዋ መለየት አልቻለችም።

«ሥዕሉን ለኮሚቴው አስገቢና ውሃውን አስቁሙ በያቸው። ስድብ የለበትም፤ የምትለቅሚው አታገኚም።»

የመኪናዋን ቁልፍ አንስታ ወጣች። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ያልረገጠችውን የወንድሟን ደጅ እየሰደባትም ቢሆን ታንኳኳለች።