ከሚዛን ቤቱ በላይ የተቀመጠው ሳጥን

ባምባሲ ስንገባ የመጀመሪያው ድንጋይ የሚኒባሱን መስታወት በርቅሶ ጭኔ ላይ አረፈ። ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ «እህቴ ውረጂልኝ፣ እኔ ልጆች አሉኝ!» አለኝ። እኔስ ድንጋይ ነው የወለደኝ? ሰደብኩትና ከአሶሳ ይዤው የመጣሁትን ሰርቨር በሁለት እጄ አቅፌ ወረድኩ።

የአኩሪ አተሩ መጋዘን ደጅ በሰው ተጨናንቋል። ቆንጨራ የያዘ አለ፣ ዱላ የያዘ አለ፣ ምንም ያልያዘው ደግሞ ይሳደባል። የሚጠሩት የወንድሜን ስም ነው። «ጅረኛን አውጡልን!»

ጅረኛ የዚያ መጋዘን ዘበኛ ነው። ትናንት ማታ ንብረት ያዡ ዲማ ግቢው ውስጥ ጭንቅላቱ በፌሮ ብረት ተፈልጦ ተገኘ። ያገኘው ጅረኛ ነው፣ እራቱን በልቶ ሲመለስ። ሞኙ ወንድሜ ሬሳውን አቅፎ ጮኸ፤ ሰው ሲደርስ ልብሱ ደም በደም ሆኖ አዩት። በቃ! ምስክሩም ዳኛውም ያ ደም ሆነ። ፖሊስ እስኪደርስ ጥርሱን አራገፉት፣ ጆሮውን ቀደዱት። አሁን ሁለት ፖሊሶች እህል ክፍል ውስጥ ቆልፈውበት በሩ ላይ ቆመዋል። አሶሳ እንዳይወስዱት መንገዱ ተዘግቷል።

የዲማ አባት ኦቦ ሂርጳ ቆንጨራቸውን ይዘው እህል ክፍሉ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። «የልጄን ገዳይ በዚህች እጄ ካልቆረጥኩ ሂርጳ አትበሉኝ» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ምለዋል። የያዟቸው ሼህ ዐወድ ብቻ ናቸው። ሼህ ዐወድ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ እኛም የሂርጳም ቤተሰብ ቃላቸውን እንሰማለን። ጠዋት ስልክ ደውለው «ያ ገላኔ፣ እዚህ ካሜራ አንተ ነህ የሰራ። ምስል ካለ አምጣ። እስከ ቀትር፣ እስከ ዙህር ሶላት ሰው ያዝኩ፤ ከዚያ ወላሂ አልችልም» አሉኝ።

ካሜራውን የተከልኩት እውነትም እኔ ነኝ። አሶሳ የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ አለኝ። ዲማ በተገደለበት ሰዓት ምስሉን የሚያሳየው ሰርቨርም ተሰባብሯል፤ ሰው ሁሉ ምስሉም አብሮ ጠፋ ብሏል። እኔ ግን አልጠፋም አልኩ። ይህን ለሼሁ ብቻ ነው የነገርኳቸው።

በሰው መሀል ሳልፍ አንዷ ፀጉሬን ይዛ ጎተተችኝ፣ አንዱ ፊቴ ላይ ተፋ። «ጅረኛ ያድርገው አያድርገው በምን አወቃችሁ፣ እናንተ ጅቦች!» ብዬ ጮህኩ። ሼህ ዐወድ ባይደርሱልኝ እዚያው ቀርቼ ነበር። ቢሮው በር ላይ ቆሙና ኦቦ ሂርጳን «ከእናንተ አንድ ሰው አብሮ ይግባ፣ ይይ» አሏቸው። ኦቦ ሂርጳም የዲማን ታላቅ ወንድም ዋቅሹማን ላኩት። ዋቅሹማ ለቅሶ የቀደደው ድምፅ ነበረው። አሳዘነኝ። «ሰው እንዳይገባብሽ» ብሎ በሩን ከውስጥ ቀረቀረውና ዱላውን ተደግፎ አጠገቤ ቆመ።

የተሰባበረው ሰርቨር ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ሳየው ንዴቴ በሳቅ ወጣ።

«ይሄን የሰበረው ደንቆሮ ነው» አልኩት። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ይሄ እኮ አሳላፊ ነው። ምስሉ ያለው ሌላ ሳጥን ውስጥ ነው።»

«ሌላ ሳጥን?»

«ስቶሬጅ እንለዋለን። የዚህ ቤት ጣሪያ ስለሚያፈስ ከሚዛን ቤቱ በላይ፣ ቆጡ ላይ ሰቀልኩት። በኔትወርክ ገመድ ነው የሚገናኙት። አዲስ ሰርቨር ካገኘ ሁሉንም አውጥቶ ይሰጣል።»

ዋቅሹማ በመስኮቱ ወደ ሚዛን ቤቱ አየ። መሰላሉ ያለው ሕዝቡ ፊት ነው። ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔ ምኑን አወቅኩት? ወሬዬን ቀጠልኩ።

አዲሱን ሰርቨር አስነስቼ የአሮጌውን አድራሻ ሰጠሁት። ገመዱን ሰካሁ። ሳጥኑን ስጠራው መለሰ፣ ግን በሩን አልከፈተም። ያለ ስሙ አያስገባም፤ የሚያውቀው የሞተውን ሰርቨር ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ራሱ ወደ ሳጥኑ ገጽ ገብቼ የይለፍ ቃሉን ጻፍኩና የአዲሱን ሰርቨር ስም ከሚፈቀድላቸው መሀል አስመዘገብኩ። ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ከውጭ አንዱ «ሶላት ደርሷል! ምን ታስጠብቁናላችሁ!» ይላል። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። አምላኬ፣ ግድቡን ያህል ጎረቤት ይዘን በየቀኑ የምትጠፋው መብራት ዛሬ ብቻ እንዳትጠፋ አልኩ። እንደገና ጠራሁት። ዲስኩ ብቅ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም!

ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ።

«ምን ይላል?» አለኝ ዋቅሹማ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነበር።

«ዲስኩን ለአዲሱ ሰርቨር እንዴት ልክፈተው ይላል። የላይኛው 'እንዳለ ክፈት' ነው። የታችኛው 'አጥፍተህ እንደ አዲስ ጀምር' ነው። የታችኛውን የነካ ሁሉንም ጨረሰው፣ ወንድሜንም ጨረሰው።»

ቃሉ ከአፌ ሳያልቅ ክርኑ ጉሮሮዬን መታኝ። ከወንበሩ ወደቅሁ። ዋቅሹማ ማውሱን ይዟል። ያኔ ገባኝ። ወይኔ ገላኔ! እንደ ወንድም አዝኜለት ያለ የሌለውን የነገርኩት ገዳዩን ኖሯል!

ተነስቼ እጁን በጥርሴ ያዝኩት፤ ደሙ አፌ ውስጥ እስኪገባ አልለቀቅኩትም። በቡጢ ዓይኔን አለኝ። ቀኝ እጄን ጠምዝዞ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው፣ አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። እሪ አልኩ። እሱ እንደገና ወደ ስክሪኑ ዞረ። እኔ ደግሞ በግራ እጄ የኔትወርክ ገመዱን መንጭቄ ነቀልኩት። የታችኛውን ተጫነ፣ ደጋግሞ ተጫነ። ሰርቨሩ ዲስኩን አጣሁት አለ።

«አያገኘውም፣ አንተ አውሬ!» ብዬ ጮህኩበት። «ወንድምህን! የእናትህን ልጅ!»

ዱላውን አነሳ። ጭንቅላቴን ሲስት ትከሻዬን አገኘኝ። ሁለተኛውን ሲያነሳ በሩ ተገንጥሎ ሼህ ዐወድና ኦቦ ሂርጳ ገቡ።

ዋቅሹማ አፍታም አልፈጀበትም። «ምስሉን ልታጠፋው ስትል ያዝኳት! ወንድሟን አይታው ነው!» አለ።

ኦቦ ሂርጳ ቆንጨራውን ከፍ አደረጉት። ሼሁ ክንዳቸው ላይ ተንጠለጠሉ። «ሂርጳ! አላህን ፍራ! መጀመሪያ እይ!»

«ይቁረጡኝ፣ ኦቦ ሂርጳ» አልኩ። «አይተው ይቁረጡኝ።»

የተሰበረ እጄን ደረቴ ላይ ይዤ በግራዬ ገመዱን መልሼ ሰካሁ። ዋቅሹማ ሊንደረደር ሲል ሼህ ዐወድ በምርኩዛቸው ደረቱን ገፍተው ከግድግዳው ጋር ያዙት። ጥያቄው ተመልሶ መጣ። የላይኛውን ነካሁ። የትናንቱን ማታ ከፈትኩ።

የኋላው በር ላይ ዋቅሹማ ጆንያ ባጃጅ ላይ ይጭናል። ዲማ ከጀርባው መጥቶ ጆንያውን ያዘ። ተጓተቱ። ዋቅሹማ ጎንበስ ብሎ ፌሮውን አነሳ። ዲማ ከወደቀም በኋላ መታው፤ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እየለመነው መታው። ከዚያ ወደ ቢሮው፣ ወደ ካሜራው፣ ፊቱን ሰጥቶ መጣ።

ዋቅሹማ በግድግዳው ተንሸራቶ ቁጭ አለ። ኦቦ ሂርጳ ስክሪኑን በሻካራ ጣታቸው ነኩት፣ ዲማ የወደቀበት ላይ። ብዙ ቆይተው ሳያዩኝ «ገላኔ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ ነገር ይጠፋል?»

ደሜ ፈላ። የወንድሜ ጥርስ ደጅ ላይ ተበትኖ፣ እኔ ተሰባብሬ፣ አሁን ልጄ ተባልኩ!

«ይጠፋል» አልኩ። «አንድ ጣት ነው። ግን አላጠፋውም! ያየሁት ጅረኛን ቢሆን ኖሮስ፣ ይጥፋልኝ ብዬ ብለምንዎ ይሰሙኝ ነበር?»

«አልሰማሽም ነበር» አሉ። እውነት ተናገሩ። እውነት ስለተናገሩ ይሆን፣ አላውቅም፣ ልሰድባቸው ያሰብኩትን ተውኩት።

ቆንጨራውን ይዘው ልጃቸው ላይ ቆሙ። ማለዋል። ዋቅሹማ «አባ» ብሎ እግራቸውን ያዘ። ክንዳቸው ተነሳ፣ አየር ላይ ቀረ፣ ወረደ። ቆንጨራውን ለሼሁ ሰጡና ወደ በሩ ወጡ።

«ማነው? ስሙን ንገሩን!» አለ ሕዝቡ።

«ጅረኛን ፍቱት» አሉ። «ዲማን የገደለው ዋቅሹማ ነው።»

ከዚያ ያው ሕዝብ፣ ከሌሊት ጀምሮ እሳቸው ራሳቸው ያነሳሱት ሕዝብ፣ ወደ ቢሮው ተመመ። «እንቢ!» አሉና ኦቦ ሂርጳ ደፉ ላይ ተዘርግተው ተኙ። «በእኔ ላይ እለፉ!» ረገጧቸው። ድንጋይ ግንባራቸውን ከፈተው። የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አልለቀቁም። ፖሊሶቹ አየር ላይ ተኩሰው፣ በቢሮው የኋላ በር ገብተው ዋቅሹማን በካቴና አስረው በዚያው አስወጡት፤ የፖሊስ መኪናው ሲነሳ ሰማን።

ጅረኛ ፊቱ አብጦ፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኖ መጣ። እጄን አየና ማልቀስ ጀመረ፤ እኔም «ዝም በል፣ አንተ ሞኝ» እያልኩ አብሬው አለቀስኩ። ሕዝቡ አንድ በአንድ እየተበተነ ሄደ። ኦቦ ሂርጳ ግን እንደተኙ ናቸው። ሼህ ዐወድ ጎንበስ ብለው «ሂርጳ፣ ሄደ፣ ማንም አልነካው። በቃ ተነሳ» አሏቸው።

«አንዱ በቃሬዛ ወጣ» አሉ ኦቦ ሂርጳ፣ መቃኑን እንደጨበጡ። «አንዱ በካቴና ወጣ። ለማን ብዬ ልነሳ?»