ጋሼ ተሻገር ሳይሞት የተበላ ንፍሮ

ወንድሜ ጋሼ ተሻገር የተባረረው ከገዛ አባቱ ዜማ ቤት ነው። አባቴ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በእስቴ ሁሉ የሚፈሩ የዜማ መምህር ናቸው፤ እሱ ደግሞ ከተጻፈው ምልክት እየወጣ የራሱን ይጨምራል። ተገረፈ፣ ጨመረ። ተገረፈ፣ ጨመረ። በመጨረሻ «ከእንግዲህ ድምፅህን አልሰማም!» ብለው አሰናበቱት።

አዲስ አበባ ሄዶ የጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ገባ። ቁመቱን አይተው ቤዝ የሚባል፣ ከሰው የሚረዝም ባለ አራት ክር መሣሪያ አስታቀፉት። ቀን ማርሽ፣ ማታ ሆቴል ውስጥ ጃዝ። ጃዝ ማለት፣ እሱ እንደጻፈልን፣ ያልተጻፈውን መጫወት ነው። ትዝታውን፣ የፈረንጁን፣ የአባቴን ዜማ ሳይቀር እያደባለቀ ሲጨምር ይጨበጨብለታል፤ ደመወዝም ይጨመርለታል። ደብዳቤዎቹን የማነበው እኔ ነኝ። አባቴ ማንበብ አቅቷቸው እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀቱን በእጃቸው ላለመንካት ነው። ግድግዳ እያዩ ያዳምጡና «ጨረስሽ?» ይላሉ።

በስምንተኛው ዓመት «አባባ አንድ ጊዜ ብቻ ይስሙኝ፤ ከዚያ ይርገሙኝ» ብሎ ጻፈ። ቀኑን ሳይነግረን ቤዙን ይዞ መጣ።

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ እስከ መንደራችን መንገዱ የእግር ነው። የተከራያት በቅሎ የቤዙን ጥቁር ሣጥን አይታ ደነበረች። ጎረቤታችን ባዩ ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ በቃሬዛ ተሸከመው፤ ካፊያ ስለነበር ጋቢ አለበሱት። ጋሼ ተሻገር በከተማ ጫማው እግሩ ተልጦ ወደ ኋላ ቀረ።

እንግዲህ አስቡት፦ አራት ሰው፣ ቃሬዛ፣ ጋቢ የለበሰ ረጅም ነገር። እንደዚያ የሚረዝም ሰው ከቤታችን የጎደለው አንድ ብቻ ነው። እናቴ «ልጄን!» ብላ ጮኸች፤ መንደሩ ተከተላት።

እኛ አገር ለቅሶ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ኋላ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ባዩና ጓደኞቹ የተሸከሙትን ደጃፍ አስቀምጠው እዬዬ አሉ። ባዩማ ከእናቴ በለጠ!

አባቴ ሣጥኑ ላይ ተደፉ።

«ያ ድምፅ! እስቴ እንዳንተ ያለ አላበቀለችም! ልጄ፣ ምነው በሰማሁህ!»

ይኼኔ ጋሼ ተሻገር እያነከሰ ደረሰ። ለቅሶውን ሰማ። ስምንት ዓመት ከተማ ኖሮ ወጉን አልረሳም፤ ሳይጠይቅ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ወይኔ አባባ! ሳይሰሙኝ!» እያለ ገባ።

ተያዩ።

«አንተ! ምን ሆነህ ነው?» አሉ አባቴ።

«ለርስዎ እያለቀስኩ ነው።»

«እኔም ላንተ ነው እኮ!»

«ታዲያ የሞተው ማነው?» አለ ባዩ፣ እንባውን እየጠረገ።

ሳቄ አመለጠኝ፤ እናቴ ቆነጠጠችኝ።

ጎረቤት ግን የለቅሶውን ንፍሮ ይዞ መምጣት ጀምሯል። መልሱት አይባል ነገር! ሁሉም ተቀምጦ ሲቅም ጋሼ ተሻገር ሣጥኑን ከፈተ። አባቴ ሊነሱ ቃጣቸው፤ ግን «ምነው በሰማሁህ» ሲሉ አገር ሰምቷል። ተቀመጡ።

የእናቴን የለቅሶ ዜማ አነሳና የሆቴሉን አረማመድ ሰጠው፤ መሀል ላይ የአባቴን አራራይ፣ ያንን አንጀት የሚያላውስ የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ አስገባበት። ሴቶቹ ያልቅሱ እስክስታ ይውረዱ ጨነቃቸው።

ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። አባቴ ጢማቸውን እያሻሹ፣

«አራራዩ ላይ ቸኮልክ» አሉ። «ድገመው።»

ባዩ አዘነለት። ምን ያውቃል! አባቴ «ድገመው» የሚሉት ለተማሪያቸው ብቻ ነው። ጋሼ ተሻገር ያውቃል፤ ደገመው። ደግሞ ጨመረበት።

«እሱን ከየት አመጣኸው?»

«አሁን መጣልኝ፣ አባባ።»

አባቴ አለንጋቸውን ፍለጋ ዙሪያቸውን ዳበሱ። ተቀምጬበታለሁ።