የይትባረክ ግንባር

ይትባረክ የገጣጠመው አዲስ ኮምፒውተር ምስሉን በስክሪኑ ላይ አላወጣም፤ በይትባረክ ግንባር ላይ አወጣ።

ይህ የሆነው ሰኞ ጠዋት፣ በአቶ አጥናፉ ሱቅ ውስጥ ነው። ይትባረክ ማብሪያውን ሲጫን ማራገቢያው ተሽከረከረ፣ ሰማያዊዋ መብራት በራች፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ኬብሉን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ያው ነው። እንደገና ሊነቅለው ሲያጎነብስ የአቶ አጥናፉ ልጅ ሶስና "እስቲ ቀጥ ብለህ ቁም" አለችው። ቀረብ ብላ ግንባሩን አነበበች።

"ቀንና ሰዓት አስተካክሉ ይላል" አለች።

ሱቁ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ማመልከቻ ይተየብባታል፣ ፎቶ ኮፒ ይነሳባታል። የምትተይበው ሶስና ናት። የቀድሞው ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሎ ስክሪኑ ብቻ ተርፏል። አዲሱን ይትባረክ እንዲሠራ የተደረገበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እሱም ሽማግሌ ነው።

ይትባረክ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል፤ በሰው ስልክ ላይም ዘፈን ይጭናል። ሶስናን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ አጎቱ አቶ ገብረየስ ሁለት ሰዎች አስከትለው ሄዱ። ሽማግሌ የራሱን ልጅ ሲያወድስ ቆጥቦ አያውቅም፤ ቢቆጥብ ለምን ተላከ ይባላል። አቶ ገብረየስም "ልጃችን ኮምፒውተር በገዛ እጁ ይሠራል" አሉ። ሁለቱም "እውነት ነው" አሉ። አቶ አጥናፉ ጥቂት አሰቡና "እንግዲያው ለሱቃችን አንድ ይሥራልን። መልሱን ከፋሲካ በኋላ በሚመጣው እሑድ፣ ሥራውን አይተን እንሰጣችኋለን" አሏቸው።

አጎቱ ይህን ሲያበስሩት ይትባረክ "አልችልም" ማለት ነበረበት። ግን አልችልም ካለ ሦስት የተከበሩ ሰዎች በሰው ቤት ቁጭ ብለው ዋሹ ማለት ነው። አንድ ሽበት ማዋረድ እንኳን ከባድ ነው። ስለዚህ "እሺ" አለ። በዚህች አገር ብዙ ነገር የሚበላሸው በክፋት አይደለም፤ በእሺ ነው።

ሰኞ ዕለት ማንም አልጮኸም። ሶስና ቀንና ሰዓቱን አስተካከለች። ይትባረክ ከደንበኞቹ ወንበር ላይ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ተቀመጠ፤ እሷም ፊቱን እያየች መተየብ ጀመረች። የተየበችውን አታሚው ያለምንም እንከን አወጣው።

ከሥራ በኋላ ብቻውን ቀርቶ ጉዳዩን መረመረ። ራም የሚባለውን ቀጭን ሰሌዳ አውጥቶ ጫፉን በላጲስ አሸት አሸት አደረገና መለሰው። በማግስቱ ምስሉ ከግንባሩ አልፎ ጉንጮቹ ድረስ ሰፋ። ኬብል ቀየረ፤ ምስሉ ተዘቀዘቀ፤ አንድ ሙሉ ጠዋት ደንበኞች አንገታቸውን አጣመው አነበቡት። የውስጡን ክብ ባትሪ አውጥቶ ሲመልስ ምስሉ ቀና አለ፤ ቀለሙ ግን ወደ አረንጓዴ አደላ። ከሱቁ ብዙም ሳይርቅ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ። ይትባረክ በሰውየው በር ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያልፋል።

የሚያፍር ሰው ፊቱን ይደብቃል። ይትባረክ ግን ፊቱን ቢደብቅ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ያፈረውን ሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ አፈረ።

ረቡዕ ወይዘሮ ትርንጎ የውሃ ቆጣሪ ወደ ስማቸው እንዲዛወርላቸው ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው የይትባረክን አገጭ በሁለት ጣት ያዙ።

"ቀና በል እስቲ ልጄ። 'ከሰላምታ ጋር' የሚለው ቅንድብህ ሥር ገባብኝ።"

ሶስና በማውዙ ወደ ላይ ሳብ አደረገችላቸው።

"ፈዘዘብኝ እኮ" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። ከዚያ፣ ለጨዋታ ያህል፣ "ለመሆኑ ይኼን ሙያ የት ተማርከው?" ብለው ጠየቁት።

ይትባረክ የትም አልተማረም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። መሬቷ አልተሰነጠቀችም፤ ፊቱ ግን ቦግ ብሎ በራ፣ ፊደሎቹም ጥርት ብለው ወጡ።

"አሁን ገና ተገኘ!" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፤ እስከ መጨረሻው አነበቡና ከፍለው ሄዱ።

አቶ አጥናፉ ይህን አይተው ነበር። ዓይናቸው ደከም ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ሲፈዝባቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ "ይትባረክ፣ ማን ነው ያስተማረህ አልከኝ?" ይላሉ። እሱም "በራሴ ነው፣ ጋሼ" ይላል፤ ፊቱ ይበራል፤ እሳቸውም ያነቡና "ተባረክ" ይላሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ብርሃን ፈልገው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ሲዘጋ ሶስና ኮምፒውተሩን አላጠፋችውም። እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ከፊቱ ተቀመጠች።

"መገጣጠም ትችላለህ?" አለችው።

"ሠርቼው የለ እንዴ" አለ። ይህን ሲል ሶስና ዓይኗን በመዳፏ ለመከለል ተገደደች።

"አየህ" አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። "እኔ ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው አልፈለግኩም። ስልኬ ላይ ዘፈን ስትጭንልኝ ነው የወደድኩህ። ነገ በእነሱ ፊት 'አላውቅበትም፣ የሚያውቅ ሰው ይጠራልን' በል። ሌላውን ለእኔ ተወው።"

"አጎቴስ?"

"አጎትህ አንድ ቀን ይፈሩ። አንተ እድሜህን ሙሉ ልታፍርላቸው ነው?"

"እሺ" አለ ይትባረክ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ኮምፒውተሩ ከሱቅ ወደ አቶ አጥናፉ ቤት ሳሎን ተዛውሮ፣ ጠረጴዛው ዳንቴል ለብሶ፣ ሶስና ከኪቦርዱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ይትባረክም ጋቢ ደርቦ ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጠ። በጉንጩ ላይ ያልተጨረሰ የውክልና ጽሑፍ ይታያል።

"ሥራውን አየነው" አሉ አቶ አጥናፉ። "ይጽፋል፣ ያትማል፤ ምስጋና ይገባዋል። ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ልጄን የምድራት ለባል ነው፤ ለስክሪን አይደለም። ይኼ ነገር ከፊቱ ይወርዳል ወይ?"

አቶ ገብረየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አዲስ ዕቃ ነው፤ ሲያድር ይስተካከላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?"

"ባለሙያውን እንጠይቀው እንጂ" አሉ አቶ አጥናፉ። "ይትባረክ፣ ችግሩ ምንድን ነው ልጄ?"

ሶስና አየችው። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር፤ አንድ ቃል ነው፣ ለማለት ትንፋሽ እንኳን አይፈጅም። ከዚያ አጎቱን አየ። አቶ ገብረየስ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በኩራት፣ በትንሹ ፈገግ ብለው ይጠብቁታል።

"ስክሪኑ ነው፣ ጋሼ" አለ ይትባረክ። "የእናንተ ስክሪን ተበላሽቷል።"

አቶ አጥናፉ ስክሪኑን በዚሁ ሳምንት ከጎረቤት ኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ሞክረውታል፤ ደህና ነው። ይህን ሶስና ታውቃለች፤ ይትባረክም አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አቶ አጥናፉ ግን ቀስ ብለው ተነሡ፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ይቅርታ አድርጉልን" አሉ። "የእኛ ዕቃ ነው ልጃችሁን ያሳፈረው።"

የይትባረክ ፊት በራ። እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ የውክልናው ጽሑፍ ጠፋ፣ ዓይንና አፍንጫው ጠፋ፣ የግድግዳው ፎቶዎች ጥላ አወጡ። ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ሶስና ተነሥታ ሶኬቱን ነቀለች። ማራገቢያው ቆመ፣ ሰማያዊዋ መብራት ጠፋች። የይትባረክ ፊት አልጠፋም።

ሶስና ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ኤሌክትሪክ በሌለው ኪቦርድ ላይ ጣቶቿን አኖረች፤ ቀስ ብላ ተየበች። ይትባረክ ፊደሎቹ አንድ በአንድ በቆዳው ላይ ሲወጡ እንደ ሙቅ ውሃ ጠብታ ተሰሙት። አጭር ጽሑፍ ነበር፤ እሱ ሳይናገር ከዋጠው ቃል ብዙም አይረዝምም። ስትጨርስ ኪቦርዱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች።

መጀመሪያ ያነበቡት አቶ አጥናፉ ናቸው፤ ልጃቸውን ተከትለው ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አነበቡና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። አቶ ገብረየስ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ከዘራቸውን እዚያው ወንበሩ ላይ ረስተው፣ ግድግዳውን እየደገፉ ሄዱ።

ይትባረክ ብቻውን ወጣ። ምሽቱ ገና መያዙ ነው፤ መብራት ሄዶ መንደሩ ጨልሟል። ጋቢውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ፤ ብርሃኑ ግን በጋቢው አልፎ መንገዱን አበራለት፤ ጽሑፉም ከጨርቁ ላይ ይነበብ ነበር። ሰዎች የምን ብርሃን ነው እያሉ ከየበራቸው ብቅ አሉ። ከእነሱ አንዱን ምን ይላል ብሎ ቢጠይቅ ይነግረው ነበር። አልጠየቀም። በሁለቱም ወገን የቆሙት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ አነበቡት፤ እሱ አጠገባቸው ሲደርስ አንድ በአንድ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።