የጋሽ ኒካው ጆሮ

ደብዳቤው ከአዲስ አበባ ሲደርስ ብረቶቹ ከተሞረዱ አምስት ቀን ሆኗቸው ነበር። የሞረዳቸው መሐመድ ነው፤ ያስሞረድኳቸው እኔ ነኝ። ባለቤታቸው ጋሽ ኒካው በወባ ተኝቶ ስለነበር ምንም አያውቅም።

ጊዜው ነሐሴ 1976 ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ በተወለድኩባት በጋምቤላ ከተመደብኩ ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ የአውራጃውን የኪነት ቡድን ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ማዘጋጀት ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ያጠናሁት ታሪክ ነው፤ ስለ ሙዚቃ የማውቀው አባቴ ቤት የሰማሁትን ያህል ብቻ ነው። ይህ ግን ከመወሰን አላገደኝም።

ጋሽ ኒካው የቡድናችን ቫይብራፎን ተጫዋች ነበር። ቫይብራፎን ምንድነው ብለው ሲጠይቁት "ጠረጴዛ ላይ የተኛ ደወል" ይላል። ሠላሳ ሰባት ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ብረቶች በገመድ ተሰክተው ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ቱቦዎች አሉ፤ ከእግር በኩል ፔዳል። እሱ በሁለት እጁ አራት መምቻ ይዞ ይመታቸዋል። ድምፁን የሚያንቀጠቅጥ ሞተርም ነበረው፤ ጋምቤላ መብራት ከመጣ የሚመጣው ማታ ለጥቂት ሰዓት ስለሆነ ሞተሩን ትቶታል።

ባሮ ዳር ተወልዶ ሚሲዮኖች ዘንድ ነው ያደገው። ኦርጋን የምትመታው ፈረንጅ አንድ እሁድ ስትታመም ተክቷት መታ፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ በቡና መኪና ላይ ወጥቶ አዲስ አበባ ገባ። ማርሽ ባንድ ውስጥ ከበሮ መታ። ከዚያ አንድ ሆቴል የጃዝ ባንድ ሲያቋቁም ቫይብራፎን የሚነካ ሰው ጠፋ፤ እሱ ሞከረው፤ አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ቆየ። ሰዓት እላፊው መጥቶ ሰው ከመሸ መውጣት ሲያቆም ባንዱ ተበተነ። ያን ጊዜ አንድ አገር ለቆ የሚሄድ አርመን የራሱን ቫይብራፎን ሸጠለት። ቱቦዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጎሬ መንገድ በጭነት መኪና አመጣው። ሚስት የለውም። ለምን አላገባህም ሲሉት "ሁለተኛዋን የት አስቀምጣታለሁ?" ይላል።

የእኔ ችግር ቶም ነበር። ቶም የእኛ የአኙዋኮች መሣሪያ ነው፤ ከእንጨት ሳጥን ላይ የብረት ምላሶች ተደርድረው በአውራ ጣት ይመታሉ። የቡድኑ ቶም መቺ ዓሣ አጥማጁ ኦቻንግ ነው። ቶሙና ቫይብራፎኑ አብረው ሲመቱ አንዱ ከሌላው ትንሽ ከፍ ይልና ጥርስ የሚያሳክክ ነገር ይሰማል። ጋሽ ኒካው "ኦቻንግን ላኪልኝ፤ ግማሽ ቀን አብረን እንቀመጥና እናስታርቃቸዋለን" አለኝ። በማግሥቱ ወባው ጣለው። ጤና ጣቢያ አስተኝተው ኩዊኒን በግሉኮስ ሰጡት።

ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከመቱ ገምጋሚዎች ሊመጡ አራት ቀን ቀርቷቸዋል። ዕቅዴ ውስጥ "የውጭው መሣሪያ ለባህላዊው ተገዥ ይሆናል" የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን እወደው ነበር።

ልጅ ሆኜ አባቴ ቶሙን ሲያስተካክል አያለሁ። ምላሱን ገፋ ሲያደርገው ድምፁ ይቀጥናል፤ ሳብ ሲያደርገው ይወፍራል፤ ካልወደደው ይመልሰዋል። መሣሪያ ላይ ያለ ብረት ለእኔ ይኸው ነው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የቫይብራፎኑ ብረት የሚገፋ ነገር ስለሌለው ሞረድ ያስፈልገዋል አልኩ። የተሞረደ ብረት በየት በኩል እንደሚመለስ አልጠየቅኩም።

ኦቻንግ ግን ጠየቀ። "እኔ የራሴን ብነካካው አይሻልም?"

"አንተን አንነካም። አንተ ባህል ነህ።"

ከት ብሎ ሳቀ፤ ግን ተከተለኝ። አሥራ አንድ ብረቶች ፈትቼ በጆንያ ይዤ መሐመድ ጋራዥ ሄድን። መሐመድ አንዱን አነሳና አየኝ።

"ጋሽ ኒካው ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"እኔ በጨርቅ ልጥረግልህ ብለው 'መጀመሪያ እጅህን ታጠብ' ያለኝ ሰው ነው እኮ።"

"መሐመድ፣ ትሠራለህ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?"

ሠራ። ከሆዳቸው በኩል ሲሞርዳቸው ኦቻንግ አጠገቡ ተቀምጦ ቶሙን እየነካ "ትንሽ ጨምር፣ በቃ፣ በቃ" ይለዋል። ለምሳ ደረስን። በግምገማው ቀን የኑዌሩ ከበሮ መቺያችን ጋትሉዋክ ቫይብራፎኑን በጋሽ ኒካው ምትክ በሁለት ዱላ ደበደበው። ገምጋሚዎቹ አጨበጨቡ። አንዱ ያችኑ ዓረፍተ ነገሬን ማስታወሻው ላይ ገለበጣት።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። የቡድኑ ፖስታ በእኔ ቢሮ በኩል ስለሚመጣ ራሴ ወሰድኩለት። ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ደጁ ላይ ተቀምጧል፤ አንገቱ ቀጥኗል። ጮክ ብሎ አነበበልኝ። የጻፈው የድሮው ባንድ አለቃ ነው። ሆቴሉ ባንዱን እንደገና ሊያቋቁም ነው፤ ለበዓሉ የውጭ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከተማው ውስጥ ቫይብራፎን ያለው ሰው ጠፍቷል። "ኒክዬ፣ እስከ ነሐሴ ሃያ መሣሪያህን ይዘህ ድረስ" ይላል።

ወረቀቱን በአራት አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው።

"ጓድ አጁሉ፣ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚህ በኋላ ማንም አይጠራኝም።"

"እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ደስ ያለው ሰው ፊት እንዴት ይነገራል ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ።

በማግሥቱ ጠዋት አዳራሹን ከፈትኩለት። ጋትሉዋክም ነበር። ጋሽ ኒካው መምቻዎቹን በጣቶቹ መሃል ሰካ፣ ፔዳሉን ረገጠ፣ ጀመረ። እንደዚያ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም፤ ለእኛ ሲሆን ያሳጥረው ነበር፤ ይህን ግን ለራሱ ነው የሚጫወተው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሄደም። ቆመ። ተመልሶ አንድ ዓይነት ኖታ የሚሰጡ ሁለት ብረቶች መታ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች። እንደገና መታ። ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ አራገፈ።

"ጋትሉዋክ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው?"

"ጋሼ፣ እኔ ከበሮ መቺ ነኝ። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው።"

"አንተን መጠየቄ!"

"ወባ ከሰው ሥጋ ጆሮ ይወዳል ይላሉ" አለ ጋትሉዋክ ሊያስቀው ፈልጎ።

ጋሽ ኒካው አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ኩዊኒኑ ነው። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ነርሱ ይተውሃል ብሎኝ ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ንገሪኝ። የተበላሸ ነገር ይሰማሻል?"

"አይሰማኝም" አልኩት።

ይህን ያልኩት አስቤ ነው። አሥራ አንዱን ብረት መጀመሪያ ላስመልስና ከዚያ እነግረዋለሁ አልኩ። ሥራውን ጨርሶ ሪፖርት ማድረግ ይባላል ይኼ፤ የለመድኩት ነው። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ መሐመድ ጋራዥ ቆሜ በዚህ ጨረስኩት። መሐመድ ከመኪና ሥር ወጥቶ ሰማኝ።

"የተሞረደ ብረት መልስ ነው የምትይኝ?"

"ይቻላል አይቻልም?"

"ብናኙ መሬቱ ላይ አለ። ልልቀምልሽ?" እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ያውቃል ብለሽኝ ነበር እኮ።"

በሚቀጥለው ጠዋት ጋሽ ኒካው ቢሮዬ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። አልተቀመጠም።

"ትላንት ከሰዓት ቴሌግራም ላክሁ" አለ።

"ምን ብለህ?"

"'ጆሮዬ ታሟል ሌላ ፈልጉ።' አራት ቃል በቃ።" ፈገግ ለማለት ሞከረ። "የሚዋሽ ጆሮ ይዤ እነዚያ ሰዎች መሃል አልቆምም። ለበዓሉ ግን እሠራልሻለሁ። እዚህ ማን ያውቅብኛል?"

ነገርኩት። ሳልቀመጥ፣ ሳላሳምር፤ ጆንያውን፣ ሞረዱን፣ "ያውቃል" ያልኩትን፣ "አይሰማኝም" ያልኩትን። ሲሰማኝ ፊቱ ላይ መጀመሪያ የመጣው ደስታ ነው። ያንን ደስታ አልረሳውም።

"ጆሮዬ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ሁለቱ ብረቶች በእርግጥ ተጣልተው ነበር?"

"ተጣልተው ነበር።"

አዳራሽ ገባን። የመጀመሪያውን ብረት ከገመዱ አውጥቶ ገለበጠው፤ አውራ ጣቱን በሞረዱ ፋና ላይ ሳበው። አሥራ አንዱንም ገለበጠ።

"ግማሽ ቀን ነው የጠየቅኩሽ" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ትላንት ስጠይቅሽስ? ያን ጊዜ ብትነግሪኝ?"

"ፈራሁ።"

"አንቺ?" አለ፤ ከልቡ ገርሞት።

ይስተካከላሉ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ጫፍና ጫፋቸው ቢሞረድ ድምፃቸው ወደ ላይ ይመለሳል፣ ግን ይሳሳሉ፣ ቶሎ ይሞታሉ አለ። "ብረት አዲስ አበባ የሚያቀልጥልኝ አላጣም። ጆሮ ግን የሚያቀልጥ የለም። ተነሺ ቴሌ እንሂድ። የምትናገሪው አንቺ ነሽ። እኔ ደህና ነኝ ብል ደንቆሮ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው ይላሉ።"

ቴሌ ሰልፍ ነበር። እሱ ውጭ ዛፍ ሥር ቀረ። ከኋላዬ የአባቴ ጎረቤት ኛባንግ ቆማለች፤ መቱ ከተማ ላለ ልጇ ልትደውል ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የስልክ ሠራተኛዋ ሬቤካ ጠራችኝ።

"ሃሎ! ከጋምቤላ ነው! ስለ ኒካው ነው!"

"ማን?"

"ጮክ በይ ጓድ" አለች ሬቤካ። "ባሮን ተሻግሮ፣ ተራራውን ወጥቶ ነው የሚሄደው።"

"ኒካው! ጆሮው ደህና ነው! አልታመመም!"

"ቴሌግራሙ ታሟል ይላል እኮ!"

"ተሳስቶ ነው! እኔ ነኝ ያሳሳትኩት! መሣሪያውን አስሞርጄበት ነው! ብረቶቹን! እሱ ሳያውቅ!"

ከኋላዬ የተሰለፉት አንገታቸውን አሰገጉ።

"አስሞርጄ ነው ያልሽው?" አለ ሰውዬው። "ማን ነሽ አንቺ?"

"አጁሉ! የባህል ኃላፊዋ!"

"የምን ኃላፊ?"

"የባህል!"

"እናትሽ ይህን ታውቃለች?" አለች ኛባንግ ከጎኔ።

የሰውዬው ድምፅ በመስመሩ ጩኸት ተዋጠ። ከዚያ ድምፁ ጠርቶ መጣ። "ቴሌግራሙ ትላንት አመሻሽ ላይ ደረሰን። ማታውኑ ኦርጋን የሚመታ ልጅ አስፈረምን። ምነው ትላንት ቀን ላይ በደወልሽ? ምነው ለእሱ ራሱ—" ተቋረጠ።

ውጭ ወጣሁ። ጋሽ ኒካው ከፊቴ አነበበው መሰለኝ፤ ሆኖም ነገርኩት፤ "ትላንት ማታ ሌላ ሰው አስፈርመዋል" ብዬ። ትላንት ከሰዓት በኋላ የት እንደነበርኩ ሁለታችንም እናውቃለን። መሐመድ ጋራዥ ነበርኩ፤ ለራሴ ንጹሕ ሪፖርት ስፈልግ።

"ጆሮዬ ደህና መሆኑን ነገርሽው?"

"ነገርኩት።"

"ሰማ?"

"ሰልፉ ሁሉ ሰምቷል።"

ራሱን ነቀነቀ። ከሸሚዙ ኪስ ደብዳቤውን አውጥቶ ከጀርባው መጻፍ ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ እያስታወሰ። ሦስት ስም፣ ከሥራቸው ሦስት ስልክ ቁጥር።

"ሙዚቀኛ ወሬ አይቋጥርም። ኒካው ደነቆረ የሚለው ትላንት ማታውኑ ከተማውን ዞሯል። እነዚህ ሌላ ሆቴል የሚሠሩ ናቸው። ሥራ ስጡት አትበያቸው። ልክ አሁን ያልሽውን ብቻ ንገሪያቸው። እንዲያው እንዳልሽው።"

"ሦስቱንም?"

"ሦስቱንም።"

ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። ሰልፉ በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ወርዶ ነበር። ኛባንግ አየችኝ፤ ቦታዋን አልሰጠችኝም፤ ማንም አልሰጠኝም። ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆምኩ።