የቼሎው ሦስተኛ ገጽ

መሪው በትሩን ወደ ላይ አንስቶ ሙዚቃውን አቆመ። ቫዮሊኖቹ ወዲያው ዝም አሉ፤ ጥሩምባዎቹ እንደ ልማዳቸው ትንሽ ዘግይተው ጸጥ አሉ። የሁሉም ዐይን ወደ ቼሎዎቹ፣ ጉልበት መሀል ተይዘው በደጋን ወደሚመቱት ትልልቅ ባለ አውታር መሣሪያዎች ዞረ፤ ከዚያ ደግሞ ሁሉም እንዳላየ ለመምሰል የጫማውን ጫፍ መመልከት ጀመረ።

"ጋሼ፣" አለ መሪው ድምፁን ለማለዘብ እየሞከረ፣ "ሦስተኛው ገጽ ላይ አሁንም ቀድመውኝ ገቡ።"

"አንተ ነህ የዘገየኸው፤" አሉ አንደኛው ቼሎ፣ የቼሎ ተጫዋቾቹ ቀዳሚ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ደጋናቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ወረቀቱ ላይ አፈጠጡ።

ኖታ ሠሪዋ ይህን ሁሉ የአዳራሹ በር ላይ ቆማ ሰማች። የኦርኬስትራው ኖታ በሙሉ በእሷ እጅ ያልፋል። ደራሲዎቹ በእርሳስ ሞነጫጭረው የሚያመጡትን ኮምፒውተር ላይ ታሰፍራለች፣ ለየመሣሪያው ትከፋፍላለች፣ ገጹን ታበጃለች፣ ታትማለች። አንደኛው ቼሎ ደግሞ አባቷ ናቸው። በዚህ አዲስ ሙዚቃ ውስጥ ቼሎው ብቻውን የሚዘፍንበት ረጅም ዜማ አለ፤ ዜማው የተሰጠው ለአባቷ ነው፣ የሚበላሸው ደግሞ ሁልጊዜ እሱ ጋ ሲደረስ ነው።

ለእረፍት ሲወጡ መሪው መተላለፊያው ላይ ያዛት።

"አባትሽ መሆናቸውን ረስቼ ላውራሽ?"

"መርሳቱን አትችልም። ግን አውራ።"

"ከሰዓት በኋላ አንዴ እንደግመዋለን። እንደ ጠዋቱ ከሆነ ዜማውን ለሁለተኛዋ ቼሎ እሰጣለሁ። ዜማው ከሄደ የአንደኛነት ወንበራቸውም ተከትሎት ይሄዳል፤ እኔ ባልፈልግ እንኳ ሌሎች ጥያቄውን ያነሱታል። ኮንሰርቱ ደረሰብን እኮ።"

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያበሸቃትም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ልክ ልኩን ነግራው ትገላገል ነበር። አሁን ግን ራሷን ነቅንቃ አለፈች።

አባቷን ደጁ ላይ ከጥበቃው ጋር ቆመው ሲያወሩ አገኘቻቸው። የሚያወሩት ስለ እሷ ነበር።

"አራት ገጽ!" ይላሉ ጣታቸውን ዘርግተው። "ሌላ ሰው ቢሠራው ሰባት ስምንት ገጽ ያደርገው ነበር። ልጄ በአራት ገጽ ልክክ አደረገችው። ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለውም!"

ጥበቃው ኖታ ከጉንዳን ለይቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ግን ጨዋ ስለሆነ "እሰይ፣ እሰይ" ይላል። እሷም ብትሆን በአራቱ ገጽ መኩራቷ አልቀረም። ኖታ የሚሰፍርባቸውን ባለ አምስት መስመር ረድፎች ጥቂት አሳንሳ፣ አንዱን ረድፍ ከሌላው አስጠግታ፣ አንድም ባዶ ቦታ ሳታስቀር ነበር የጨረሰችው። ያን ቀን ስክሪኑን እያየች ብቻዋን ፈገግ ብላለች።

አባቷን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጎን አደረገቻቸው።

"አባዬ፣ ዐይንህን መታየት አለብህ።"

"ዐይኔ ምን ሆነ? መርፌ አምጪና ክር ላግባልሽ።"

"ታዲያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ምን እየሆንክ ነው?"

"እርጅና ነዋ!" አሉ ቀለል አድርገው። "ጣትም ያረጃል። ምን ታደርጊዋለሽ።"

በዚህ ጊዜ ነው የደነገጠችው። አባቷ እርጅና የምትለውን ቃል በሕይወታቸው ሲያነሷት ሰምታ አታውቅም። ዕድሜያቸውን የጠየቃቸውን ሐኪም እንኳ "አንተ ስንት ነህ?" ብለው መልሰው ያፋጠጡ ሰው ናቸው። እኒህ ሰው በገዛ ፈቃዳቸው አርጅቻለሁ ካሉ የሚሸፍኑት ነገር አለ ማለት ነው።

ሰው ሁሉ ለምሳ ሲበተን ወደ መድረኩ ወጥታ አባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እንዳስቀመጡት ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለውን የኖታ ማቆሚያ አልነካችውም። አንዱን ማቆሚያ ሁለት ቼሎ ስለሚጋራው ሁለቱም ወረቀቱን ከጎን ነው የሚያዩት። ቼሎውና ደጋኑ መሀል ስለሚገቡም መቅረብ አይቻልም። ሦስተኛውን ገጽ ገለጠችው።

ምንም አይታይም። አይታይም ማለት እንኳ ያንሰዋል፤ ረድፎቹ ተዛዝለው የላይኛው የታችኛውን ይመስላል። ዐይኗ አንዱን ረድፍ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ሲወርድ ስቶ ሌላ ረድፍ ላይ አረፈ። እሷ ገጹን ስትሠራ ሁልጊዜ የምታየው ስክሪን ላይ ነው፤ ያውም አጉልታ፣ ያውም ከአፍንጫዋ ሥር። እዚያ ላይ የማያምር ገጽ የለም።

ከሁሉ የባሰው የእርሳሱ ጽሑፍ ነበር። ቼሎ ተጫዋች በየትኛው ጣት እንደሚይዝና ደጋኑን ወዴት እንደሚስብ ከኖታው በላይ ይጽፋል። አባቷም ጽፈዋል። ነገር ግን በሁለቱ ረድፎች መካከል ቦታ ስለሌለ ጽሑፋቸው የላይኛው ረድፍ ኖታ ላይ ወጥቷል። ፍቀው ጽፈዋል፣ እንደገና ፍቀዋል፤ ወረቀቱ ሳስቶ ሊቀደድ ነው።

"አየሽው?"

ሁለተኛዋ ቼሎ ነበረች፤ ከአባቷ ጋር ማቆሚያ የምትጋራው፣ ዜማው ሊሰጣት የታሰበው ወጣት። ብርቱካን እየላጠች መድረኩ ጫፍ ላይ ቆማለች።

"አንቺ ይሄን እንዴት ነው የምትጫወቺው?" አለቻት ኖታ ሠሪዋ።

"እኔ? ግማሹን በቃሌ፣ ግማሹን በእግዜር።"

"ታዲያ እንዴት አትነግሩኝም?"

"ጋሼ ናቸዋ የከለከሉኝ!" አለች ልጅቷ፤ ወዲያው ድምፅዋን ቀነሰች። "'አራት ገጽ ነው ብዬ ለአገር ምድሩ ተናግሬ አሁን አይነበብም ልበል? ልጄን ሰው ፊት አላሳጣም። በቃሌ እይዘዋለሁ' አሉኝ። ታውቂያቸው የለ፣ አንዴ ካሉ አሉ ነው።"

"ዜማው እኮ ለአንቺ ሊሰጥ ነው።"

"ሰምቻለሁ። አልፈልገውም ብዬ አልዋሽሽም፤ በጣም ነው የምፈልገው። ግን እንዲህ ሆኖ አይጣፍጠኝም።"

ኖታ ሠሪዋ ገጾቹን ሰብስባ ወደ ክፍሏ ስትሄድ የተናደደችው በማን እንደሆነ አልገባትም። ሽማግሌው የዕድሜ ልክ ወንበራቸውን አሳልፈው ሊሰጡ ነው፤ የልጃቸውን አራት ገጽ ግን አሳልፈው አይሰጡም። እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ መጣ። እንዲህ ያለ አባት ያላት ሴት የማይነበብ ኖታ ይዛ መቀመጥ የለባትም አለች ለራሷ፣ ኮምፒውተሩንም ከፈተች።

ረድፎቹን አተለቀች። በየረድፉ መካከል እርሳስ እንደ ልቡ የሚሄድበት ቦታ ሰጠች። አራቱ ገጽ ስድስት ሆነ። እስከዚህ ቀላል ነበር። አሁን ደግሞ ገጹ የሚገለጥበት ቦታ ተዛነፈ፤ የሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ከዜማው በኋላ ሁለቱም ቼሎ ባለ በሌለ ኃይላቸው የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ወደቀ። ገጹን የምትገልጠው ሁለተኛዋ ናት። እዚያ ላይ እጇን ካነሳች አንድ ቼሎ ጠፋ ማለት ነው።

ከዜማው በፊት ሁለቱም የሚያርፉበት ቦታ አለ። ገጹ ማለቅ ያለበት እዚያ ነው፤ ግን እዚያ ካለቀ ከግማሽ በላይ ባዶ ይቀራል። ቆርጣ ሞከረችው። ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ ስለማይወድ የቀሩትን ጥቂት ረድፎች ጎትቶ ከላይ እስከ ታች በተናቸው፤ ገጹ ጥርሱ የረገፈ አፍ መሰለ። ገጽ ሙላ የሚለውን ትእዛዝ ፈልጋ አጠፋችው። ረድፎቹ ወደ ላይ ተሰበሰቡ፣ ከሥራቸው ነጭ ወረቀት ተዘረጋ።

እጇን በላት። ባዶ ቦታ እሷ ዘንድ ያልተጠረገ ቤት ማለት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ነውር። ቢሆንም አልነካችውም። አንድ ቅጂ አትማ መተላለፊያው ውስጥ እግሩ የተሰበረ ማቆሚያ ላይ አደረገችና፣ ወንበር ጎትታ እንደ ቼሎ ተጫዋች ተቀምጣ ከጎን አነበበችው። ከገጾቹ በአንዱ ላይ የመጨረሻው ረድፍ ከግርጌው ጋር ተጣብቋል። ተመልሳ ወደሚቀጥለው ገጽ አሳለፈችው፤ እንደገና አትማ እንደገና ተቀመጠች። በዚያ የሚያልፍ የጽዳት ሠራተኛ ሰላም ብሏት በጥርጣሬ እያያት አለፈ።

ለሁሉም ቼሎዎች አተመች። ለአባቷ ብቻ ብታትምላቸው ጫፉንም አይነኩትም።

ከሰዓት በኋላ ስታድል አባቷ ገጾቹን ቆጠሩና ፊታቸው ጠቆረ።

"ምን ነካሽ?" አሉ በሹክሹክታ። "ስድስት አደረግሽው? ይሄ ደግሞ ባዶ ነው፤ ቀለም አልቆብሽ ነው?"

"ቀለም አላለቀም።"

"አራቱ ምን አደረጉሽ?"

"አባዬ፣ አንብበው ብቻ።"

ወደ በሩ ተመለሰች። መሪው በትሩን አነሳ። የመጀመሪያው ገጽ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው መጣ፤ ቼሎዎቹ አንድ ላይ ገቡ፣ አንድ ላይ ወጡ። ከዚያ ዕረፍቱ ሆነ፤ ሁለተኛዋ ደጋኗን አውርዳ ሳትጣደፍ ገጹን ገለጠች። አባቷ አዲሱን ገጽ ከላይኛው ረድፍ ጀመሩት።

አልቸኮሉም። ዜማውን ወዳጅ ቤት እንደሚገባ ሰው ዘና ብለው ገቡበት። ዐይናቸው ከረድፍ ወደ ረድፍ ሲወርድ ከሩቅ ታይቷታል፤ አንዴም አልተደናበረም። ጥሩምባ ነፊዎቹ እንኳ ወሬያቸውን ትተው ሰሙ። ኮራች፤ በአባቷም ኮራች፣ በገጹም ኮራች፣ ማንም ልብ በማይለው በዚያ ነጭ ቦታም ኮራች።

ሲያበቃ መሪው በትሩን አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ ጠዋት የት ነበሩ?"

አዳራሹ ሳቀ። አባቷም ሳቁ።

"ጠዋትማ እንቅልፍ አልለቀቀኝም። አርጅቻለሁ እኮ።"

ይቺ ቃል እንደገና መጣች። ኖታ ሠሪዋ አሮጌዎቹን ገጾች ብብቷ ሥር ይዛ ልትወጣ ነበር። ወንበሩ ተርፏል፣ ዜማው ተርፏል፣ የእሷም ስም ንጹሕ ነው። በሩን ከፍታ ብትሄድ የሚጠይቃት የለም። በሩን ለቀቀችውና በወንበሮቹ መካከል አልፋ ወደ መድረኩ ወጣች፤ የድሮውን ሦስተኛ ገጽ መሪው ፊት አስቀመጠችው።

"ጠዋት የነበሩት እዚህ ውስጥ ነው፤" አለችው። "እስቲ ከቆምክበት ሆነህ አንብብልኝ።"

መሪው አየው። ጎንበስ አለ። ከዚያ ወረቀቱን ለማንሳት እጁን ዘረጋ።

"አታንሳው። እሳቸው ማንሳት አይችሉም፤ እጃቸው ሥራ ላይ ነው።"

ሊስቅ የጀመረ ሰው ነበር፤ ተወው።

"የሠራሁት እኔ ነኝ፤" አለች ቀና ብላ፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ እንዲሰሟት። "አራት ገጽ ለማድረግ ብዬ አፈንኩት። የአባቴ ጣትም ዐይንም ደህና ነው። ስድስቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ።"



"እንግዲያው ለእኛም አስፊልና!" አለ ከመሀል አንድ ቫዮሊን። "እኔ ዐይኔ ጠፋ ብዬ ለሚስቴ ነግሬያታለሁ!" ሳቁ ከዚህም ከዚያም ተነሳ፤ ሌሎችም "ለእኛም፣ ለእኛም" ማለት ጀመሩ።

አባቷ ግን አልሳቁም። ቼሏቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ተነሱ፣ ከመሪው ፊት ያን ሦስተኛ ገጽ አነሱ፣ ከእሷ ብብት ሥር ደግሞ የቀሩትን ወሰዱ። አራቱን አስተካክለው ደራረቧቸውና ዙሪያውን ገላመጡ፣ አንድ ሰው ሊነጥቃቸው የመጣ ይመስል።

"ይሄን ማንም እንዳይጥለው፤" አሉ። "ለማንበብ አይሁን እንጂ፣ ሥራው ሥራ ነው።"

ሄደውም ቼሎ ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱት።