ሞተር አዳማጩ

«ስጫነው ነው የሚያምዎት ወይስ እንዲሁም ያምዎታል?»

ሐኪሟ ከግራ ጆሮው ጀርባ ያለውን አጥንት በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው መካኒኩ ከአልጋው ሊዘል ምንም አልቀረው።

«አይ፣ ደህና ነው» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ሳቀችበት። «ዶክተር፣ እሱ ቢሞትም ደህና ነው ነው የሚለው።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። የጆሮውን የራጅ ምስል ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግታ አሳየችው። ለዓመታት ከጆሮው ሲፈስ የኖረው መግል አጥንቱን ቦርቡሮታል፤ ወደ አንጎሉ እንዳይዘልቅ የቀረው ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አጥንቱን ከፍታ የበሰበሰውን ጠርጋ ታወጣለች። በዚያ ጆሮ እሰማለሁ ብሎ ግን ተስፋ እንዳያደርግ ነገረችው።

«መስማት የቀነሰው መቼ ነው? ካርዱ ላይ ስድስት ወር ይላል።»

«አዎ፣ ስድስት ወር።»

«ይሄ የስድስት ወር ነገር አይደለም» ብላ ወጣች።

ያ አጥንት የእንጀራ ገመዱ ነበር። የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አድርጎ፣ እጀታውን ከጆሮው ጀርባ አስደግፎ ዓይኑን ሲጨፍን፣ የትኛው ኩሽኔታ እንደላላ ሳይፈታ ይናገር ነበር። ደንበኞቹ «ጆሮው» ነበር የሚሉት። ጆሮው የተባለ ሰው ደግሞ ጆሮዬ ይፈሳል ብሎ እንዴት ይናገር? ጥጥ ወትፎ፣ ጥጡን በኮፍያ ሸፍኖ ሥራውን ቀጠለ። ሚስቱ ሐኪም ቤት ሂድ እያለች ብትለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሚኒባስ መጣ። ጋራዡን አብሮት የከፈተው ታናሽ ወንድሙ «ጋሼ፣ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር አለ፤ እንፍታው» አለው። ካቻቪቴውን አስደግፎ አዳመጠ። ድሮ ጥርት ብሎ ይመጣለት የነበረው ድምፅ ድፍን ያለ ጉምጉምታ ሆነበት። ጆሮው እንደከዳው ያኔውኑ ገባው። ቀና ብሎ ግን «ንጹሕ ነው፣ ልቀቀው» አለ። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ መንገድ ላይ ተሰባብሮ ቆመ። ባለቤቱ እየጮኸ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ዓይኑን በጨው ታጥቦ ወደ ወንድሙ ጠቆመ፤ «ዘይቱን የቀየረው እሱ ነው፤ ቡሎኑን ሳያጠብቅ ቀርቶ ነው» አለ። ወንድሙ ቱታውን አውልቆ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ሐኪሟ እንደወጣች «ዋሽቻለሁ» አላት ለሚስቱ።

«የትኛውን?»

«የሚኒባሱን። እሱ ልክ ነበር። እኔ አልሰማሁም።»

ሚስቱ ከወንበሯ ተነሳች። «ልጆቼ ሁለት ዓመት ሙሉ አጎታቸውን ያጡት ለጥጥህ ነው?» የእሱን ስልክ ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኑ ላይ ጣል አደረገችለት።

ወደ ወንድሙ ደወለ፤ ወንድሙም ቶሎ አነሳ። «ማን ልበል?» አለ፣ የደዋዩን ቁጥር በቃሉ እያወቀ።

«እኔ ነኝ። ጆሮዬን ኦፕራሲዮን ልሆን ነው። ያ ሞተር... አንተ ልክ ነበርክ። ይቅር በለኝ።»

በወንድሙ በኩል መዶሻ ሲመታ ይሰማል።

«እኔማ አውቃለሁ» አለ ወንድሙ። «ካቻቪቴውን ደጋግመህ ቦታ ስትቀያይር አይቻለሁ። ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለባለሚኒባሱ ንገረው። ዛሬም ባየኝ ቁጥር ‹ሞተር ገዳይ› እያለ ነው የሚያልፈው።»

«ብነግረው መጥተህ ትጠይቀኛለህ?»

«መጀመሪያ ንገረው፣ ጋሼ።»

አሁንም «ጋሼ» ሲለው ይህን ልጅ ለአንድ ስም ብሎ መሸጡ አንገበገበው።

ነርሷ ባለጎማውን አልጋ እየገፋች ገባች። «አባቴ፣ ተራዎ ደርሷል። ስልኩን ለባለቤትዎ ይስጡ።»

«አንዲት ደቂቃ፣ እህቴ።»

እሷ በቀኝ እጁ ላይ መርፌውን ስታስተካክል፣ እሱ በግራው የባለሚኒባሱን ቁጥር ፈልጎ ደወለና ስልኩን ግራ ጆሮው ላይ ለጠፈው። እዚያው ቢተወው የሚነገረውን ነግሮ፣ የሚመጣውን ስድብ ሳይሰማ መገላገል ይችላል። ሐሳቡ ለአፍታ ጣፈጠው።

«ሃሎ፣ ከጋራዡ ነኝ» አለ። «ያን ሞተር የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ አይደለም።»

ከዚያ ስልኩን ወደ ደህናው ጆሮው አዞረ።